ባቡሩ ደረሰ፣ ዕቃው ግን አልወጣም

የምሠራው አንድ አስመጪ ድርጅት ትራንዚት ክፍል (ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ የሚያስወጣው ክፍል) ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር አለቃችን ደስታውን አልቻለውም። ምን ይፈረድበታል! ከባድ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ቀናት ይፈጃል።

ያኔ ሁለት ኮንቴነር የፋብሪካ መለዋወጫ ነበረን። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) አንድ ነው። አንዱ ኮንቴነር በባቡር ተጫነ። ሌላው ቦታ አጣና በመኪና ተነሣ። የባቡሩ በማግስቱ ሞጆ ገባ። አለቃችን ወዲያው ፋብሪካው ጋ ደውሎ «ዕቃችሁ ደርሷል» አለ።

ደረቅ ወደብ ሄድኩ። ኮንቴነሩ ከሌላ ኮንቴነር ላይ ተደርቦ ተቀምጧል። ፕሎምፑ (የበሩ ማሸጊያ) አልተነካም፤ ቁጥሩም ከሰነዱ ጋር ይገጥማል። ማውጣት ግን አልተቻለም። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ለሁለቱም አንድ ስለሆነ «ሁለተኛው ሲመጣ አብረው ይፈተሻሉ» ተባልን። ሁለተኛው ደግሞ ሚሌ አካባቢ ቆሟል። ሹፌሩ ፎቶ ላከልኝ፤ የተሳቢው ጎማ ተበጣጥሶ ጨርቅ መስሏል፣ ረዳቱ ክሪክ ይዞ ከሥር ተጋድሟል።

የመጋዘን ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እሳቸው የአሰብ ዘመን ሰው ናቸው። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ አብዛኛው የሀገሪቱ ገቢ ዕቃ በአሰብ ነበር የሚመጣው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ወደ ጅቡቲ የዞረው።

«ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉኝ። «የፊተኛው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ሐዲዱ ካበቃበት ወዲህ ዕቃው በግመልና በበቅሎ ነበር። ያኔ ባቡር ግመል ጠበቀ፣ ዛሬ መኪና ጠበቀ።»

እውነትም መንገዱ አጠረ እንጂ ጥበቃው አልቀረም። ዕቃው ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው በሚዞርበት ቦታ ተጠራቀመ። የማስቀመጫ ክፍያው ሲቆጠር ባቡሩ ያተረፈልንን ጊዜ በላው።

ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ ላለው ወኪላችን የምናቀርበው ጥያቄ ተቀየረ። ድሮ «መቼ ይነሣል?» ነበር። አሁን «ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጫነው?» እንላለን። አንዱ ቦታ ካጣ ሌላውም ይቆይ ነው ውሳኔያችን። አለቃችን አሁንም አልተዋጠለትም። ባዶ ቦታ ያለው ባቡር ጥሎን ሲሄድ ያንገበግበዋል።