ሣር እምቢ ያለበት ቦታ

ዛሬ አመሻሽ ላይ ከዶርሞቹ ጀርባ፣ ዛፎቹ የሸሸጓትን የድሮ የኮሌጅ ሜዳችንን ላያት ጎራ አልኩ። ሜዳ ጠባቂው መስመር በኖራ እያሰመሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ ራሰ በራ ነገር ምንድን ናት?» አልኳቸው። ከመስመሩ ውጪ፣ ማንም በማይረግጠው ጥግ ያለች ባዶ መሬት።

«በረኛው የሚቆምባት ናታ!»

ግራ ገባኝ። ጎሉ ያለው ሌላ ጋ ነው። ለካ ሜዳዋ ድሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበር የተዘረጋችው። ተማሪ የሚጫወተው ከክፍል በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚያየው በረኛ ሁሌም ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ነበረች። በኋላ ወደ ሰሜንና ደቡብ አዞሯት። ጎሉ ተነቀለ። በዚያ 7.32 ሜትር ስፋት ባለው ጎል ፊት ሲረገጥ የኖረው አፈር ግን ተጠቅጥቆ ቀረ። ሥር አያስገባ፣ ውሃ አያሰርግ። ሦስቴ ዘር ዘርተውበት እምቢ ብሏቸዋል።

ሄጄ ቆምኩባት። (የታዘበኝ ይታዘበኝ፣ እጆቼንም ዘርግቻለሁ።) እውነትም ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች።

በ1848 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ተማሪዎች፣ ከየትምህርት ቤታቸው ያመጡት የኳስ ሕግ አልገጥም ቢላቸው፣ ቁጭ ብለው የጋራ ሕግ ጻፉ። ያ እስከ ዛሬ ይወራል። እዚህ ስንት ጎል እንደገባ ግን ማን ጻፈ? ያለችው ይቺው መላጣ ናት።

«ዘንድሮስ ዘር ልሞክር ይሆን?» አሉኝ ስንለያይ።

«ይተዋት ጋሼ» አልኳቸው።