«ልደታ መቼ ነው?»

ዛሬ ቆጠርኩ። ከጦር ኃይሎች ሜክሲኮ እስክንደርስ ልጄ 31 ጊዜ «ልደታ መቼ ነው?» አለኝ። መንገድ ተዘግቶ ሚኒባሱ በውስጥ ለውስጥ ስለሄደ ልደታ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ አስረዳሁት። አሥረኛው ላይ «ነገርኩህ እኮ!» አልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ስል ድምፁ ጨመረ። ከኋላ የተቀመጡ እናት «ጠበል ወስደሽዋል ልጄ?» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ግን ደከመኝ።

ያወጣኝ ረዳቱ ነው። ሂሳብ እየሰበሰበ «ልደታ ዛሬ የለም የኔ ጌታ፣ ቀጥሎ ሜክሲኮ» አለው። ልጄ ደግሞ ጠየቀ። ረዳቱም ያንኑ መለሰ፣ በዚያው ዜማ። እሱማ ቀኑን ሙሉ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮ» ሲል ነው የሚውለው፤ ጠበል ሂድ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማታ ልጄ ሲተኛ ስለ መደጋገም ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቪየና ውስጥ አንድሪያስ ሬት የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሁለት ልጃገረዶች እናቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው ተራ ሲጠብቁ ያያል። ሁለቱም እጃቸውን እንደሚታጠብ ሰው ያፋትጋሉ፣ አንድ ዓይነት አድርገው። ዛሬ ሬት ሲንድረም የሚባለው ይሄ ነው። መንስኤው በአብዛኛው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ጂን መለወጡ መሆኑ የታወቀው በ1999 ነው። እጃቸውን «ተዪ» ቢሏቸው መተው አይችሉም፤ በፈቃዳቸው አይደለማ። ስሚዝ-ማጌኒስ የሚባል ሌላ ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ደስ ሲላቸው ራሳቸውን ጥብቅ አድርገው ያቅፋሉ። ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ እስከዛሬ መደጋገም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። «ያው ኦቲዝም ነው» እያልኩ አልፋለሁ።

ፕራደር-ዊሊ የሚባለው ሲንድረም ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከ15ኛው ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ ነው፤ በማይጠግብ ረሃብ ነው ይበልጥ የሚታወቀው። እነዚህ ልጆችም አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፣ በተለይ የለመዱት ነገር ሲቀየርባቸው። የኔው ልጅ ይሄ የለበትም። ቢሆንም ታክሲው ውስጥ የሆነው ትዝ አለኝ። በሌላው ቀን እኮ አይጠይቅም! ልደታ ስንደርስ ራሱ «ልደታ!» ብሎ ይጮሃል፣ በቃ።

ነገም መንገዱ ዝግ ነው። ከመውጣታችን በፊት የምናልፍባቸውን ሰፈሮች ወረቀት ላይ ልጽፍለት አስቤያለሁ፤ ማንበብ ይወዳል። ልደታን ጽፌ ልሰርዘው ወይስ ጭራሽ ልተወው? ከተውኩት ራሱ እስክሪብቶ አንስቶ የሚጽፈው ይመስለኛል።