የእትዬ ሁለት ወንበር

"ኮሎምቢያ ገባሁ" ብዬ ስደውልላት እናቴ ልጄን ኮኬይን አገር ወሰዱብኝ ብላ ለጎረቤት አልቅሳለች። ይሄኛዋ ኮሎምቢያ አሜሪካ ውስጥ ያለች፣ የሳውዝ ካሮላይና ዋና ከተማ መሆኗን ለማስረዳት ሁለት የስልክ ካርድ ጨርሻለሁ። በፈረንጆቹ 2009 ነው፤ ያኔ ስልክ በካርድ ነበር። ዲቪ የደረሰው ሁሉ ዲሲ ወይም አትላንታ ነው የሚገባው፤ እኔን የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ግን እዚህ ስለነበረች እዚሁ ቀረሁ። አንድ ዓመት ሠርቼ ወደ አትላንታ እሄዳለሁ አልኳት ለእናቴ። የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ያለበት፣ እንጀራ በየሱቁ የሚገኝበት።

ያገኘሁት ሥራ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። የላከኝ ድርጅት በሰዓት 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍለኛል፤ ከአንዱ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው የምሄድበትን ሰዓት ግን አይቆጥርልኝም ነበር። ይሁን፣ ዛሬ ስለ እሱ አይደለም።

ዛሬ የማወራው ስለ እትዬ ነው። እዚያ ደቡብ አገር ትልቅ ሴት "ሚስ" ተብላ ነው በስሟ የምትጠራው፤ እኔ ግን በልቤ እትዬ ነበር የምላቸው። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ስኳር አንድ እግራቸውን የወሰደባቸው። ድርጅቱ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ሥራዬ ተዘርዝሯል፤ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ምሳ መሥራት። እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ከታች በእጃቸው አንድ ቃል ጨመሩበት። "ጨዋታ"።

ቁማር መስሎኝ ነበር።

የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ የሙሉ ወቅት ትኬት ነበራቸው፤ ሁለት ወንበር። አንዱ ለእሳቸው፣ ሌላው "ለሚገፋኝ ሰው"። ዊልቸሩን እየገፋሁ ያንን 18 ሺህ ሰው የሚይዝ አሬና መጀመሪያ ስገባ የደነገጥኩት በግዝፈቱ ሳይሆን በባዶነቱ ነው። ወንበር ብቻ! እዚህም እዚያም ጉች ጉች ያሉ አሮጊቶች፣ አንዳንድ ቤተሰብ፣ ከኋላ የሚተኛ ሰውዬ። በዚችው ከተማ የወንዶቹ የአሜሪካ እግር ኳስ ሲኖር ቅዳሜ መንገድ ይዘጋል፣ ከ75 ሺህ በላይ ሰው ይገባል። ለሴቶቹ ግን የመኪና ማቆሚያ መምረጥ ይቻል ነበር።

"ያቺን አየሻት?" አሉኝ እትዬ ወደ መስመሩ ዳር እየጠቆሙ። አጠር ያለች፣ ቆማ የማትቀመጥ ሴት። "እሷን ነው ለማየት የምመጣው።"

የቡድኑ አሠልጣኝ ናት፤ ዶውን ስቴሊ ትባላለች። ዛሬ ስሟን የማያውቅ ጥቂት ነው። ያኔ ግን ከመጣች ገና ሁለተኛ ወቅቷ ነበር። የመጀመሪያው በ10 ድል በ18 ሽንፈት ነበር ያለቀው። እንግዲህ ይህቺ ሴት በተጫዋችነቷ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት፣ በ2004 አቴንስ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ይዛ ከፊት የወጣች ናት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሊሠራ እዚህ መጣ ብዬ እትዬን ጠየቅኳቸው። "እናቷ ከዚህ ናት" አሉኝ። እናትየዋ በልጅነቷ ከሳውዝ ካሮላይና ተነስታ ወደ ሰሜን፣ ፊላደልፊያ የተሰደደች፣ እዚያም የሰው ቤት እያጸዳች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። እኔ ያን ቀን ጠዋት የሰው መታጠቢያ ቤት አጽድቼ ነው የመጣሁት። ከዚያ በኋላ አሠልጣኟን የማያት በሌላ ዓይን ሆነ።

ደግሞ ሌላም አለ። እዚህ ከመምጣቷ በፊት ቴምፕል በሚባለው የፊላደልፊያ ዩኒቨርሲቲ ለ8 ዓመት አሠልጥናለች። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ዓመት በጋውን ራሷ በደብሊው ኤን ቢ ኤ፣ በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ እየተጫወተች፣ ክረምቱን እያሠለጠነች ነበር። ሁለት ሥራ! ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ሐበሾች ብቻ መስሎኝ።

እትዬ ኳስ በደንብ ያውቃሉ፤ እኔ ምንም። ትምህርት ቤታችን ግቢ መረብ የሌለው አንድ ቀለበት ነበር፤ ወንዶቹ ነበሩ የሚሰቀሉበት። ስለዚህ እያስተማሩኝ ነበር የምናየው። "ኳሱን አትመልከቺ፣ ኳስ የሌላትን ልጅ ተመልከቺ" ይሉኛል። በምላሹ ቆሎ አበላቸዋለሁ። ገብስና ሽምብራ ቀላቅዬ በስስ ላስቲክ ጋቢያቸው ሥር እደብቃለሁ (ጋቢውን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፤ ጠባቂዎቹ የአሮጊት ብርድ ልብስ አይፈትሹም)። ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ስለሆነ ሽምብራውን ለእኔ ይተዉታል።

በዚያ ወቅት ኬልሲ ቦን የምትባል ረጅም ልጅ ከሂውስተን መጥታ ነበር፤ በአገሩ ከሚፈለጉት አንዷ። ሁሉም "አሁን ገና ቡድን ሆንን" አለ። አንድ ዓመት ተጫውታ ወደ ቴክሳስ ተመለሰች። እኔ ለእትዬ አዘንኩላቸው፤ እሳቸው ግን ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው "መሄጃ ያለው ይሄዳል፤ ቤቱን የሚሠራው የቀረው ነው" አሉ። የእኔም ዓመት ያን ጊዜ ሞልቶ ነበር። አትላንታ አልሄድኩም። ለምን ብትሉኝ ክረምቱ ሳያልቅ የሚገፋቸው ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚሁ።

ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ካልኳችሁ እኔ ያየሁት ይህ ነው፤ ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ። ሁለተኛው ወቅት 14 ድል። ሦስተኛው 18። አራተኛው 25 ድል ሆኖ በአገሪቱ የኮሌጆች ሻምፒዮና ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች ገቡ። አሠልጣኟ የምትጮኸው ስለ መከላከል ነው። ሙሉ ጨዋታ ጎል ባይገባላትም አትቆጣም፤ አንዷ ተጫዋች ወደ ኋላ ሳትሮጥ ከቀረች ግን ምድር ቀውጢ ነው። ወንበሩም እንደዚያው ቀስ በቀስ ሞላ። መጀመሪያ የእኛ ረድፍ፣ ከዚያ ከኋላ ያለው። አንድ ቀን ዊልቸር ማቆሚያችን ላይ ሌላ ዊልቸር አገኘንና እትዬ ተጣሉ። ቤት ስንመለስ ግን ደስ ብሏቸው ነበር።

በ2014 ኤጃ ዊልሰን መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሆፕኪንስ የምትባል ቦታ ያደገች፣ በዚያ ዓመት ከአገሩ ሁሉ አንደኛ የተባለች ልጅ። ትልልቆቹ ሁሉ ይፈልጓታል፤ እሷ የአባቷን ሰፈር መረጠች። በማግሥቱ መጋቢት ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ፤ ኖትር ዳም በአንዲት ነጥብ፣ 66 ለ65 አሸነፋቸው። እትዬ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። እኔ ምን አደረግኩ!

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተመልካች በመሳብ ቡድኑ አንደኛ ሆነ፤ ለዓመታትም አልለቀቀም። ያ ባዶ ቤት! የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት እዞር ጀመር።

ዋንጫው የመጣው መጋቢት 24 ቀን 2009 ዓ.ም ነው፤ በእነሱ አፕሪል 2 ቀን 2017። እሑድ፣ ሁዳዴ። ጨዋታው ዳላስ ስለነበር እትዬ ቤት በቴሌቪዥን አየን። ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ አልተበላም። ሚሲሲፒ ስቴትን 67 ለ55 አሸነፉ። ኤጃ 23 ነጥብ አስገባች። እትዬ አልጮኹም፤ እጄን ብቻ ይዘው "ዘጠኝ ዓመት" አሉ። እኔም ስቆጥረው ስምንት ዓመት ሆኖኛል።

ኤጃ በ2021 ጃንዋሪ ከአሬናው ፊት ሐውልት ቆመላት። ወረርሽኝ ስለነበር ከቤት ሆነን አየን። ስትናገር አያቷ በልጅነታቸው በዚያ ግቢ ማለፍ ስለማይፈቀድላቸው ዙሪያውን ይሄዱ እንደነበር አነሳች። እትዬ ድምፁን አስቀነሱኝ። "እኔም ዞሬ ነበር የምሄደው" አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው ሦስት ጥቁር ተማሪዎችን የተቀበለው በ1963 ነው፤ እሳቸው ያኔ አስተማሪ ሆነው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስገፋቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም። አስታውሳለሁ፣ ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ "በግቢው በኩል ውሰጂኝ" ይሉኝ ነበር። መንገዱ ይረዝማል፣ አስፋልቱንም የዛፍ ሥር ገልብጦት ዊልቸሩ ይንገጫገጫል፤ በሆዴ አጉረመርም ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት አረፉ።

ያላዩት ብዙ ነገር አለ። ካሮሊን ፔክ የምትባል ጥቁር አሠልጣኝ በ1999 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ዋንጫ ስትወስድ ከቆረጠችው መረብ (ያሸነፈ የቀለበቱን መረብ ቆርጦ ይወስዳል) ቁራጭ ለስቴሊ ሰጥታት ነበር፤ ስትወስጂ መልሺልኝ ብላ። ስቴሊም ዋንጫውን ከወሰደች በኋላ፣ በ2021 የራሷን መረብ ቆራርጣ በየኮሌጁ ላሉት ጥቁር ሴት አሠልጣኞች በፖስታ ላከች። ፈረንጆቹ ይህን ሲያወሩ እንግዳ ነገር ያስመስሉታል። እኔ ግን እናቴ ጓዳ የነበረውን የማርያም ጽዋ ነው ያሰብኩት፤ የተቀበለ ሰው ደግሶ ለሌላ ያሳልፋል እንጂ ቤቱ አያስቀረውም።

በ2022 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን 64 ለ49 አሸንፈው ሁለተኛውን ዋንጫ ወሰዱ። በ2023 አምስት ተጫዋቾች በአንድ ምሽት ወደ ደብሊው ኤን ቢ ኤ ተመረጡ፤ ቤቱ ፈረሰ ተባለ። በማግሥቱ ዓመት በአዳዲስ ልጆች 38 ተጫውተው 38ቱንም አሸነፉ፣ በፍጻሜው አዮዋን 87 ለ75። አምስቱ ሲመረጡ ማታውን የእትዬ ትከሻ መስበቅ ነው ትዝ ያለኝ።

ትኬቱን ልጃቸው "እናቴ ለአንቺ ነው ያለችው" ብሎ አዛወረልኝ። ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም፣ ያማል፤ ግን ሁለቱንም እከፍላለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለተኛው ወንበር ላይ ዲቪ ደርሷት ከደሴ የመጣች ልጅ ወሰድኩ፤ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ዳይፐር መቀየር ያስለቅሳታል። ሕዝቡ ሲጮህ ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች።

"እዚህ ብዙ አልቆይም እቴቴ" አለችኝ ጫጫታው ጋብ ሲል። "አንድ ዓመት ሠርቼ ሲያትል፣ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።"

"ደግ" አልኳት። ከጋቢው ሥር ቆሎውን አውጥቼ ሽምብራውን ለእሷ ለየሁላት።