"ልጅሽ ትምህርት ቤት አይሄድም እንዴ?" ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለች አብሮ አደጌ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ዲቪ ደርሷቸው ፕሮሰስ ላይ ናቸው፣ ሁለት ልጆች አሏት። "ልጅሽን ቤት ነው የምታስተምሪው የሚባለው እውነት ነው? እዛ መንግስት በነፃ ያስተምር የለ እንዴ? እንደሱ የሚቀል ከሆነ እኔም ስመጣ እንዳንቺ አደርጋለሁ፣ ቢያንስ ከማመላለሱ እገላገላለሁ" ትለኛለች። ይቀላል ማለቷ ከነከነኝ። እዚህ ያላችሁ አበሾችም በየማህበሩ ይሄንኑ ትጠይቁኛላችሁ፣ የእናንተ አጠያየቅ ደግሞ የሷን ያህል የዋህ አይደለም። ስለዚህ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ።

ያለነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ አስር አመቱ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ነገር ኦንላይን ሲሆን ኪንደርጋርተን ነበር፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አይኑ ፍዝዝ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ግን ኩሽና መጥቶ የጥያቄ ናዳ ያወርድብኛል። ከባሌ ጋር ተመካክረን ትምህርት ቤቱ ሲከፈትም አልመለስነውም። እሱ የአዘቦት ቀን ይሰራል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ቅዳሜና እሁድ ማታ እገባለሁ። የሁለታችን ገቢ ከጓደኞቻችን ያንሳል፣ እስካሁን ቤት አልገዛንም። ይሄን ቀድሜ የምናገረው የሚቀል ነገር እንዳይመስላችሁ ነው።

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ይሰራል?" ትሉኛላችሁ። ጠዋት ጠዋት ሂሳብና እንግሊዝኛ በደብተር ይሰራል፣ ይሄ አይቀርም፣ ማካፈልና ክፍልፋይ ወረቀት ላይ ካልተደጋገመ አይያዝም፣ እንጀራ ስለጋገረ ብቻ ሂሳብ ቻለ የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ እናደዳለሁ። ከዛ በኋላ ያለው ቀን ግን የቤቱ ስራ ነው፣ ትምህርቱ የሚገባውም እዛ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የጤፍ ፍሬ ስንት ግራም ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያልተፈጨ ነጭ ጤፍ ትንሽ ነበረን፣ ግራምን አስር ቦታ ከፍላ የምታሳይ ሚዛንም አለችን። አንድ ፍሬ ሲያስቀምጥ ዜሮ፣ አስር ሲያስቀምጥ ዜሮ። ጥቁር ትሪ ላይ በተነና በስቴኪኒ አስር አስር እያደረገ ይደረድር ጀመር፣ ትንፋሹ እንዳይበትንበት አፉን በሸሚዙ ሸፍኖ። ሶስት መቶ ሲሞላ ሚዛን ላይ ገለበጠው፣ 0.1 አለች። ወዲያው ወረቀት አመጣና አባዝቶ "አንድ ግራም ውስጥ ሶስት ሺህ አለ!" አለኝ። አብረን ስናነብ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚል አገኘን። እሱ ግን አልበቃውም፣ 25 ፓውንዱን ከረጢት ወደ ግራም ቀይሮ 34 ሚሊዮን ገደማ ላይ ደረሰ። ይሄ ልጅ ፓውንድና ግራም መቀየርን፣ አማካይንና ግምትን ማንም አስጨንቆ ሳያስተምረው ያዘው።

ዊንተር ላይ ሊጣችን አልቦካ ሲል ደግሞ ከአንድ ሊጥ ሁለት ሳህን ቀዳ፣ አንዱን ቤዝመንት አስቀመጠ፣ አንዱን ሂተር አጠገብ፣ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር እያየ ፃፈ። ሂተር አጠገብ ያለው ቀድሞ ኩፍ አለ። እርሾው ውስጥ ያሉት ህይወት ያላቸው ነገሮች ሙቀት እንደሚወዱ፣ የእንጀራውን አይን የሚያወጣው ጋዝ ከነሱ እንደሚመጣ በዛች ሳምንት ገባው። እኔ ሃያ አመት ሙሉ እንጀራ ስጋግር አብሲት ለምን እንደሚጣል ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ እሱ ሲጠይቀኝ ነው አብረን ያነበብነው።

ለእናቴ ብር ስንልክ ስሌቱን የሚሰራው እሱ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ተመን ለገበያ ሲለቀቅና 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ ብር ሲያልፍ "አያቴ በጣም ሀብታም ሆነች ማለት ነው?" አለ። ደውሎ ጠየቃት። እሷም የዘይቱንና የሽንኩርቱን ዋጋ አንድ በአንድ ቆጠረችለት፣ ቁጭ ብሎ ፃፈ። የኢኮኖሚክስ አስተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ያደርጋል? እሷው ደግሞ ዘመኑ የማን እንደሆነ ማወቂያውን አስተምራዋለች፣ ዓመቱን ለአራት አካፍል፣ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሶስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2015 የሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ሆነች፣ እንቁጣጣሽም በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። አሁን ማካፈል ላይ ቀሪ የሚባለውን ነገር ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የበለጠ ያውቀዋል ብል አላጋነንኩም። ኪቦርድ ላይ ደግሞ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይቶ ይጫወታል፣ እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ እንዴት እንደሚለያይ ያስረዳችኋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ባለፈው አንድ ክርስትና ላይ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ የተከበሩ ትልቅ ሰው ልጄን ጠሩትና "ስንተኛ ክፍል ነህ?" አሉት። "ቤት ነው የምማረው" አለ በአማርኛ፣ ደስ ብሎት። ወሬው ሁሉ ቆመ። "ስንተኛ ወጣህ ታዲያ?" አሉት። ብቻውን የሚማር ልጅ ስንተኛ ይወጣል? ዝም አለ። "እሺ ሰባት ጊዜ ስምንት?" አሉት። ያ ሁሉ ሰው አፉን ሲያየው አሁንም ዝም አለ። ሰውየው ራሱን ዳበስ አድርገው "አይዞህ" አሉት፣ እንደታመመ ልጅ። ሳህን ላነሳ ጓዳ ስገባ አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝና በሹክሹክታ "እህቴ፣ ለምን ትደብቂዋለሽ? ዛሬ እኮ እንዲህ አይነት ልጅ የሌለበት ቤት የለም፣ ስፔሻል ክላስ አለ፣ ፀበሉም አለ" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ተናድጄ ብቻ አይደለም፣ ያመመኝ ሌላ ነው። ልጄ እንዳለችው ቢሆንስ ኖሮ ሊደበቅ ነበር እንዴ? እኛ አበሾች ልጅ ቤት ከዋለ ወይ ታሟል ወይ ተባሯል ነው የምንለው፣ ሌላ ምክንያት አይታየንም። ካርዱ ላይ አንደኛ የሚል ካልተፃፈ የሚያውቀው ነገር እውቀት አይደለም። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን ሳያስር "ሃምሳ ስድስት ነው" አለኝ። ለምን አልመለስክም ስለው ሁሉም ሲያየኝ ጠፋብኝ አለኝ። ለሊቱን ስራ ቦታ በሽተኛ እያገላበጥኩ አለቀስኩ።

የፈረንጆቹ ችግር ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ጫማውን ላሰረውም "ጉድ ጆብ" ይላሉ፣ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ግን ምንም እንዳልተሰራ ነው። ሜሪላንድ ከመጀመርህ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ታሳውቃለህ። ከዛ ስምንት ትምህርት ማስተማርህን የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ (የልጁ ስራ የሚሰበሰብበት ማህደር) ትይዛለህ፣ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ አርት፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት። በአመት እስከ ሶስት ጊዜ ያዩታል፣ የጎደለ ካለ በፅሁፍ ይነግሩህና 30 ቀን አለህ። እኛ የጤፉን ስሌት፣ የሊጡን ሰንጠረዥ፣ የአያቱን የዘይት ዋጋ፣ የእስክስታ ቪዲዮውን ሳይቀር ቀን ፅፈንበት አቀረብን። ያየችልን ሴት ሊጡ ጋ ስትደርስ ልጁን ራሱን መጠየቅ ጀመረች፣ እሱም በእንግሊዝኛ ሲያስረዳት አላቆመም። የዛን ቀን የተሰማኝን ኩራት እናት የሆነች ታውቀዋለች።

ለመምጣት የምታስቡ ግን ስሙኝ። ልጅን ቤት ማስተማር አሜሪካ ሃምሳውም ስቴት ይፈቅዳል፣ ህጉ ግን ይለያያል። ቴክሳስ ማሳወቅ አይጠበቅብህም፣ ኒውዮርክ እቅድ አስገብተህ በየሩብ አመቱ ሪፖርት ታደርጋለህ፣ ቨርጂኒያ አመቱ ሲያልቅ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በግምገማ ታሳያለህ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ በጭራሽ እንዳትሞክሩት፣ ክልክል ነው፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በፈረንጁ 2006 ላይ ይሄንን የተቃወሙ ወላጆችን አቤቱታ አልተቀበለም። ስዊድንም በፈረንጁ ከ2011 ወዲህ ለየት ያለ ምክንያት ካልሆነ አይፈቅድም። እገሌ አሜሪካ አድርጋዋለች ብላችሁ ሌላ ሀገር ላይ ችግር ውስጥ እንዳትገቡ።

አንቺ ጓደኛዬ ደግሞ፣ ስትመጡ መጀመሪያ ትምህርት ቤት አስገቢያቸው። እንግሊዝኛውን ከልጆች ጋር ይልመዱት፣ አንቺም ስራሽን ያዢ፣ ሁለታችሁም ሙሉ ቀን የምትሰሩ ከሆነማ ይሄንን አታስቢው፣ ቤት የሚውል ልጅ አጠገቡ የሚጠይቀውና የሚመልስለት ሰው ከሌለ ስልክ ነው የሚያሳድገው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ከኩሽና አታባሪያቸው፣ ወንዱንም ጭምር፣ እናትሽ ወንድ ጓዳ አይገባም ብትልም እንዳትሰሚያት። ውሃውን እሱ ይለካ፣ የአስቤዛውን ደረሰኝ እሷ ትደምር። የካውንቲውን ፎርም ማየት ከፈለግሽ እልክልሻለሁ፣ ደግሞ እሁድ ማታ እንዳትደውዪ፣ ስራ ነኝ።