ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው የድሮ ነገ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚመጣብኝ። «አዲስ አበባ በ2050» ይላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራው ነው። ታክሲው ይበራል፣ ፎቁ ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ነው፣ በፎቆቹ መሃል ባቡር በአየር ላይ ይሾልካል፣ ሰማዩ ሐምራዊ ነው። ምስሉ ያምራል። ግን ጽሑፉን ብታነሱለት ዱባይ ይሁን ሻንጋይ ማን ይለየዋል? እንጦጦ የለም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት የለም፣ ለገሃር የለም። ለነገዋ አዲስ አበባ ቦታ ለመልቀቅ የዛሬዋ ሙሉ በሙሉ ተጠርጋ ወጥታለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህች ከተማ ነገን ስታስብ ይሄ የመጀመሪያዋ አለመሆኑ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት አስባበታለች። አስባም አልቀረችም፣ በአርማታና በድንጋይ ሠርታዋለች። ለማየት ከፈለጋችሁ ከማዘጋጃ ቤት ተነስታችሁ ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሃር መውረድ ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ሬትሮፊውቸሪዝም የሚባለው ነገር ብዙ የተወሳሰበ አይደለም። የድሮ ሰዎች «ወደፊት እንዲህ ይሆናል» ብለው የሳሉትን ዛሬ መልሶ ማየት፣ መውደድ፣ ከሱም ተነስቶ አዲስ ነገር መሥራት ነው። ፈረንሳዮች በ1900 አካባቢ 2000 ዓመተ ምሕረት ምን እንደሚመስል በትንንሽ ካርዶች ስለዋል፤ አንዱ ካርድ ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክንፍ አጥልቀው ፎቅ ላይ ያለውን እሳት ያጠፋሉ። በ1939 ኒውዮርክ ላይ ጄኔራል ሞተርስ የ1960ን አሜሪካ በሞዴል ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። በ1962 ሲያትል ውስጥ 184 ሜትር የሚረዝም፣ አናቱ ላይ የሚበር ሳህን የመሰለ ነገር ያለው ማማ ቆመ። በዚያው ዓመት ጄትሰንስ የሚባለው የካርቱን ቤተሰብ በበራሪ መኪናው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ከዚያ ያ ሁሉ ጉጉት ቀዘቀዘ። ቆይቶ ደግሞ ልጆቹ ሲያድጉ ተመልሰው ናፈቁት። ዛሬ በጌም፣ በፊልም፣ በፖስተር፣ በወንበርና በመብራት ዲዛይን ሳይቀር የምናየው ያንን ናፍቆት ነው።

እኛ ጋ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የአሜሪካ ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል። ዲዛይን የሚማሩ ልጆች ሳይቀሩ «ሬትሮ ነገር ሥሩ» ሲባሉ ሮኬትና የአሜሪካ ነዳጅ ማደያ ነው የሚስሉት። ግን በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ምን ላይ እንደነበረች እንይ እስቲ። በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ሜይ 25 ቀን 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጀቶችን አስመጣ፤ የልደታው ማረፊያ ለጀት ስለማይበቃ ነው ቦሌ የመጣው። በ1964 ቴሌቪዥን ጀመረ፣ ስቱዲዮውም ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጀት፣ ቴሌቪዥንና የአህጉር ዋና ከተማነት አንድ ላይ የመጡባት ከተማ ናት። እንግዲህ እንዲህ ያለች ከተማ ስለ ነገ ባታስብ ነበር የሚገርመው።

ወደ ጎዳናው ልመለስ። ከሁሉም በላይ የምወደውን ላሳያችሁ፣ እሱም ሁለቱ አንበሶች ናቸው።

አንደኛው ለገሃር ያለው ነው። ከ1930 ጀምሮ የቆመ፣ ጆርጅ ጋርዴ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ የሠራው፣ በወርቅ ቀለም የተለበጠ ነሐስ። ዘውድ ደፍቷል። ጡንቻው፣ ጎፈሩ፣ መዳፉ ሁሉ የእውነት አንበሳ ነው። ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወስደውት በ1960ዎቹ ነው የተመለሰው። ሁለተኛው ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሽቅብ ስትሉ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ነው። የ1955 ሥራ ነው፣ ለንጉሡ ሃያ አምስተኛ ዓመት የንግሥ በዓል የቆመ። ይሄኛው አንበሳ በድንጋይ የታነፀ ፎቅ ይመስላል። ጎፈሩ ፀጉር አይደለም፣ መስመር ነው። ፊቱ፣ ደረቱ፣ እግሩ፣ ሁሉም በጠፍጣፋ ገጽና በሹል ጠርዝ ተቆርጧል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግማሹ ገጽ ይበራል፣ ግማሹ ይጠቁራል፣ ያኔ ነው አቆራረጡ ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ሁለቱም የይሁዳ አንበሳ ናቸው። በመሃላቸው ያለው ሃያ አምስት ዓመት ነው። በዚህ ሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጥንታዊ ምልክት የመጪውን ዘመን ቅርጽ ለበሰ።

አሁን ደግሞ የሚያስደንቀውን ስሙ። የቴአትር ቤቱን አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ ነው። ይኸው ሰውዬ በ1969 ቡሜራንግ የሚባለውን ጠረጴዛ ሠራ። ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ማዕዘን የሌለው፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከጠፈር መርከብ ውስጥ የወጣ የሚመስል የቢሮ ጠረጴዛ። ዛሬ የዚያ የጠፈር ዘመን ዲዛይን ሲነሳ ከሚጠቀሱት ዕቃዎች አንዱ ነው፣ ሰብሳቢዎች በጨረታ ይሻሙበታል። አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉት እጅ የሠራውን ሥራ እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ተደግፈንለት እንቆማለን። ይህንን ለማንም ስነግር ደስ ይለኛል፣ ዛሬም ስጽፈው ደስ ብሎኛል።

እዚያው አካባቢ የድሮው ንግድ ባንክ አለ፣ ክቡ። ሄንሪ ሾሜት የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው በ1960ዎቹ የሠራው። ክብ በመሆኑ ብቻ ብዙ ነገር ይናገራል። ባንክ ማለት በዚያን ጊዜ ግርማ ያለው ዓምድ የተደረደረበት ቤት ነበር፤ ሰውዬው ግን ፊትና ጀርባ የሌለው ቤት አቆመ። ዛሬ አጠገቡ የንግድ ባንክ አዲሱ ፎቅ አለ፣ በ2022 የተመረቀው፣ 209 ሜትር። አዲሱን አልጠላሁትም፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ቆሜ አየዋለሁ። ግን ከሁለቱ የትኛው የሚመጣውን ዘመን ከራሱ አውጥቶ አሰበው ብትሉኝ ያለ ማመንታት ክቡን ነው የምለው።

«እነዚህ ሁሉ የፈረንጅ ሥራ አይደሉ እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ማዘጋጃ ቤቱና የአፍሪካ አዳራሽ የጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ናቸው፣ የዋናው ፖስታ ቤት ዲዛይን የዩጎዝላቮች ነው። ግን ሚካኤል ቴድሮስን አትርሱ። ኢትዮጵያዊው አርክቴክት ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ሆኖ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና ፍልውሃን ሠርቷል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ደግሞ ማንም ሊረሳቸው አይችልም። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት ሠርተው ሲጨርሱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። 150 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ የአፍሪካ ያለፈ ዘመን፣ ትግሏና መጪው ጊዜዋ።

መጪው ጊዜ የተሳለበትን ክፍል እስቲ በደንብ ተመልከቱት። ሮኬት የለበትም። በራሪ መኪና የለበትም። ችቦ የያዙ ሰዎች ናቸው ያሉበት። ሲያትል ላይ ማማ ሲያስቡ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚበር መኪና ሲሳል፣ እዚህ አንድ ወጣት ሰዓሊ መጪውን ዘመን በነፃ ሰው መልክ ነው የሳለው። ለኔ የኛ ሬትሮፊውቸሪዝም ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የነሱ ወደፊት ዕቃ ነበር፤ ምን እንገዛለን፣ በምን እንጓዛለን ነው ጥያቄው። የኛ ወደፊት ማን እንሆናለን ነበር። አዳራሹ ታድሶ በ2024 ስለተከፈተ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ አያምልጣችሁ፣ ፎቶው ምንም አይነግራችሁም።

ይህን ሁሉ ስል ዘመኑን እያሽሞነሞንኩ አይደለም። ያ የሚያምር ነገ ለሁሉም አልነበረም። በ1973 ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲያልቅ እነዚህ ሕንፃዎች ቆመው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አብዮቱ መጣ፣ የራሱንም ነገ ይዞ መጣ። እሱም ቸርችል ላይ ነው ያለው፦ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት፣ 50 ሜትር፣ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ። ሰሜን ኮሪያዎች ረድተውበት በ1984 ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተመረቀ። 1984 ምን ዓመት እንደነበር ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ያኔም ወሎና ትግራይ ይራቡ ነበር። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት መንግሥታት ሁለት የተለያዩ ነገዎችን አቁመዋል፣ ሁለቱም ሲደግሱ ገበሬው እየሞተ ነበር። ይህን የማያነሳ ናፍቆት አይጥመኝም። የድሮ ፎቶ ላይ ቢጫ ፊልተር ጭኖ «ያ ወርቃማ ዘመን» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ግን የሞተውን ሰው ከፎቶው ውጭ መተው ነው።

ቢሆንም ድፍረቱን እወስዳለሁ። ሙዚቃው ላይ ወስደነዋል እኮ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር ሲያገናኝ በ1960ዎቹ የመጪው ዘመን ድምፅ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ያንኑ ቆርጠው ቢት ይሠሩበታል፣ ማንም «ያረጀ ነው» አይልም። ፊልም ላይም ክራምብስ አለ፣ 2015 የወጣው፣ ዳሎል ላይ የተቀረፀው። ዓለም ካለቀች በኋላ የዛሬው የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅዱስ ዕቃ የሚከበርበት፣ ሰማዩ ላይ ያረጀ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሎ የቀረበት ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ቢሆንም ጨው ሜዳውና ቋንቋው የኛ ናቸው። አንድ ሰው ዳሎል ላይ ይህን ካየ ፒያሳ ላይ ምን ሊታይ እንደሚችል አስቡት።

ስለዚህ ለዲዛይነሮች፣ ለሰዓሊዎች፣ ያንን የ2050 ምስል ለሚሠሩትም ልጆች አንድ ነገር ነው የምለምነው። ሲጀምሩ ባዶ መሬት ላይ አይጀምሩ። የካልካን አንበሳ ጎፈር መስመር ወስደው ፊደል ይቅረፁበት። የክቡን ባንክ ቅርጽ ወስደው የአውቶቡስ ፌርማታ ይሥሩበት። የአፈወርቅን ችቦ ያዦች 2050 ውስጥ ያስገቧቸው። የሕንፃ ባለቤቶችም ብትሆኑ የስልሳዎቹን ፎቅ ስታድሱ እባካችሁ ፊቱን በአልኮቦንድ አትሸፍኑት። ስንቱን ቆንጆ በረንዳና የአርማታ ጥላ ነው ከብር ቀለም ቆርቆሮ ጀርባ የቀበርነው! ፒያሳ በ2024 ምን ያህል ቤት እንደፈረሰ ሁላችንም አይተናል። የቀረውን ቢያንስ እንወቀው፣ ፎቶ እናንሳው፣ እንለካው።

አሁን እኔ እየሰበሰብኩ ያለሁት የቤተሰብ ፎቶ ነው። የስልሳዎቹና የሰባዎቹ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ሽኝት። ሰው ሙሽራዋን ነው የሚያየው፣ እኔ ከጀርባዋ ያለውን ነው የምፈልገው፦ ፍልውሃ በር ላይ፣ ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ላይ፣ ቦሌ የድሮው ተርሚናል ፊት ለፊት የተነሱትን። የውስጥ ክፍሎች ፎቶ በጣም ጥቂት ነው ያለው። የባንኩ ወንበር፣ የፖስታ ቤቱ መብራት፣ የአየር መንገዱ ትኬት ቢሮ ባንኮኒ የሚታይበት ካለማ በጣም ነው የማመሰግነው። እማማ ወይም አባባ ቤት ስትሄዱ አልበሙን አውርዱትና እዩልኝ። ካገኛችሁ በስልክ አታንሱት፣ ያንፀባርቃል፤ ስካን አድርጋችሁ ላኩልኝ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀንና ቦታም አብራችሁ።