ቀዩ መስመር

ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከአንዲት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የማስተርስ ተማሪ አጠገብ ተቀመጥኩ። የዳኛቸው ወርቁን «ዘ ተርቲንዝ ሰን» ፎቶ ኮፒ እያነበበች ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣው ልቦለድ ነው፤ የታመሙ አባት ከልጆቻቸው ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ሲጓዙ ያሳያል።

«አልጨረስሽውም እንዴ?» አልኳት።
«ደጋግሜ ጨርሼዋለሁ። አሁን የማነበው የሰውዬውን ሴት ልጅ ብቻ ነው።»

ልጅቷ ራሷ የምትናገርበትን በእርሳስ፣ ሌሎች ስለሷ የሚናገሩበትን በቀይ አስምራለች። ያሳየችኝ ገጽ ላይ ቀይ ብቻ ነበር። ከዚያ ገጽ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ለመመረቂያ ጽሑፏ መጀመሪያ ያቀረበችው ርዕስ «ሃይማኖት በኢትዮጵያ ልቦለድ» ነበር። አማካሪዋ «ሰፊ ነው» ብለው መለሱባት። እየጠበበ እየጠበበ እዚህ ደረሰ። ገና ጥናቷ የሚመረኮዝበት ቲዎሪ አለ፤ ከሷ በፊት የተጻፈውን ማገላበጥ አለ፤ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ዲፌንስም አለ።

«ልቦለድ ማንበብም ጥናት ሆነ?» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አንዲት ገጸ ባሕርይ ለምን ዝም እንዳለች መጠየቅ፣ መልሱንም ከመጽሐፉ በማስረጃ ማሳየት ከባድ ሥራ ነው። የዳኛቸው ሥራ እንዲህ የሚደክምለት ወጣት አንባቢ በማግኘቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ጽሑፏ ሲያልቅ እንድታስነብበኝ ጠይቄያታለሁ።