ማፉሺ፦ ቢኪኒው እስከ አጥሩ ድረስ ነው

ማልዲቭስ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ፎቶ ነው። ውሃ ላይ የተሠራ የእንጨት ቤት፣ ቀጥታ ወደ ባህሩ የሚወርድ መሰላል፣ ጠርዙ ላይ በቢኪኒ የተቀመጠች ሴት። ፎቶው ውሸት የለበትም። ግን የሪዞርት ፎቶ ነው። ሕዝቡ የሚኖረው እዚያ አይደለም።

እኔና ጓደኛዬ ያረፍነው ሕዝቡ የሚኖርበት ደሴት ላይ ነው። ምክንያታችን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብ ነው። በአንድ የሪዞርት ሌሊት ዋጋ ማፉሺ ላይ ብዙ ሌሊት ይታደራል። ማፉሺ ከዋና ከተማዋ ከማሌ በስተደቡብ ነው ያለችው፤ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት አይሞላም። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው። መስጊድ አላት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ እስር ቤት ሳይቀር አላት። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው። ከባህሩ ተነስተህ ሰው ደጃፍ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅም።

ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች አሏት። ሰው የሚኖርባቸው 200 አይሞሉም። የመጀመሪያው ሪዞርት ኩሩምባ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተው ነዋሪ በሌለበት ደሴት ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን አሠራሩ ይኸው ነበር። ቱሪስቱ በራሱ ደሴት፣ ሕዝቡ በራሱ። መጠጡም ቢኪኒውም እዚያው ሪዞርቱ ውስጥ ይቀራል፤ መንደሩ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ነዋሪው በገዛ ደሴቱ ጌስት ሃውስ እንዲከፍት ተፈቀደ። እንጀራው ለተራው ሰውም ደረሰ ማለት ነው። አብሮ ደግሞ ጥያቄ መጣ። ሴቶቹ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው የሚወጡበት ሰፈር፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በሕገ መንግሥቱ ዜጋ መሆን በማይችልበት አገር፣ በዋና ልብስ መዝናናት የለመደ እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረግ?

መልሳቸው አጥር ነው። ከዳርቻው አንዱን ጥግ ከለሉና ቢኪኒ ቢች አሉት። ማፉሺም አላት፣ እንግዳ የሚቀበሉ ሌሎች ደሴቶችም እንደዚሁ። ከዚያ ውጭ ባለው ዳርቻ ላይ ቢኪኒ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተተክሏል።

የጌስት ሃውሱ ሰውዬ ፓስፖርታችንን እየገለበጠ ነው የነገረን። «ቢኪኒ ቢቹ በዚህ በኩል ነው። እዚያ እንደፈለጋችሁ ልበሱ። ስትወጡ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን።» የዋይፋይ ቁጥር እንደሚሰጥ ሰው ነው ያለው። ስብከት የለ፣ ቁጣ የለ። ቀጥሎ ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ነገረን።

ቢኪኒ ቢቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የፎቶው ዳርቻ አይደለም። ውሃው ያው የማልዲቭስ ውሃ ነው፤ እሱን ማማት አይቻልም። ግን ቦታው ጠባብ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነው። እኔን የሳበኝ መውጫው ነው። አመሻሹ ላይ ሰው ሁሉ እዚያች ክፍተት ጋ ሲደርስ ይቆማል። አንዷ በአንድ እግሯ እየዘለለች እርጥብ እግሯን ሱሪ ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች፤ አሸዋው አላስገባ ይላታል። አንዱ ካናቴራውን በግልባጩ ለብሶ ይወጣል። እናት ልጇን በፎጣ ትጠቀልላለች። ከዚያ ሁሉም ጨዋ መንገደኛ ሆኖ ወደ መንደሩ ይገባል።

ሁሉም ስል አብዛኛው ማለቴ ነው። አንድ ቀን ውሃ ልገዛ ሱቅ ገብቼ አንድ ጎልማሳ ቱሪስት ራቁቱን ደረቱን ገብቶ ቆመ። ከቁምጣው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከጎኔ ጥቁር ሙሉ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከልጇ ጋር ተራ ይዛለች። ሴትዮዋ ምንም አላለችም። ልጁን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዞረችውና መደርደሪያው ላይ ያለውን የብስኩት እሽግ ማንበብ ጀመረች። ባለሱቁ ሒሳቡን ሲቀበል ዓይኑን ከብሩ ላይ አላነሳም። ሰውዬው «ቴንኪዩ» ብሎ ፈገግ እንዳለ ወጣ። ማንም ስላልተናገረው ማንም ያልከፋው መስሎት ሄደ።

ደንቡ ለወንድም ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የአለባበስ ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው የሴቷን ነው፤ ወንዱ ደረቱን ሰጥቶ ሲንጎራደድ እሱም ደንብ እየጣሰ መሆኑ ትዝ አይለውም። የደሴቲቱ ወንዶች ራሳቸው ባህር ሲገቡ ከነካናቴራቸው ነው።

ዝም ማለታቸው ግን ሁልጊዜ በዝምታ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ እዚሁ ማፉሺ ላይ አንዲት እንግሊዛዊት በዋና ልብስ መንገድ ላይ ስትሄድ ፖሊሶች ሲታገሏት የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሮ ነበር። ለማየት ይከብዳል። የአገሪቱ የፖሊስ ኮሚሽነር በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው ስለ አያያዟ ነው፤ ደንቡ እንዳለ ነው። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ። ሴትዮዋ እንደዚያ መያዝ አልነበረባትም፤ በዚያ ልብስ መንደር ውስጥ መሄድም አልነበረባትም።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ አትስማማም። ደሴት ላይ በቆየንባቸው ምሽቶች የተከራከርንበት ርዕስ ይሄው ነው። «ገንዘባችንን ሲወስዱ ኃጢአት አይደለም፣ ልብሳችን ነው ኃጢአት?» ትላለች። ከደሴቲቱ ራቅ ብሎ ባህሩ ላይ የቆመ መርከብ አለ፤ ባር ነው። ማፉሺ ምድር ላይ መጠጥ ክልክል ስለሆነ ጠጪው በጀልባ እዚያ ተወስዶ ጠጥቶ ይመለሳል። እሱን እያሳየች «ይኸው፣ ማስመሰል ነው» አለችኝ። ማስመሰል ሊባል ይችላል። ለእኔ ግን ስምምነት ነው የሚመስለኝ። ሰዎቹ «አትጠጡ፣ አትዋኙ፣ አትልበሱ» አላሉም። «ቤታችን ደጃፍ ላይ አይሁን» ነው ያሉት። ይሄ ይበዛል?

አንድ ነገር ላይ ግን ረታችኝ። ልበሺ የሚልም አውልቂ የሚልም ትእዛዝ መጨረሻው ሴቷ ላይ ነው የሚያርፈው። እ.ኤ.አ. በ2016 የበጋ ወራት አንዳንድ የፈረንሳይ ከተሞች ቡርኪኒ (ራስንም ገላንም የሚሸፍን የዋና ልብስ) የለበሱ ሴቶችን ከዳርቻ ከልክለው ነበር፤ በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት እገዳውን አስቆመው። ሙስሊም በሚበዛባት ግብፅ እንኳ ቡርኪኒ የለበሰችን ሴት የማያስገቡ የግል መዋኛዎች እንዳሉ ተደጋግሞ ተዘግቧል። መጓዝ የሚያስተምረው አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ «ሙስሊም አገር» ብለህ አንድ ደንብ ይዘህ አትሄድም።

ዱባይን ያየ ያውቀዋል። ጁሜይራ ዳርቻ ላይ ቢኪኒ ለብሶ የሚጋደመውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከዚያ ተነስተህ የገበያ ማዕከል በር ላይ ስትደርስ ትከሻህንና ጉልበትህን ሸፍን የሚል ማሳሰቢያ ይቀበልሃል። ጎረቤቷ ሻርጃ ደግሞ ከዱባይ መኪና መንገድ ብቻ ነው የሚለያት፤ በሕዝብ ዳርቻዋ ላይ ቢኪኒ አይፈቀድም። ዛንዚባር ሌላ ነው። ሰሜን ኑንግዊ ላይ ሆቴሎቹ ፊት ለፊት ቢኪኒ የተለመደ ነው፤ አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን ውስጥ ግን ነውር ነው። ምሥራቅ በኩል ፓጄ ላይ ደግሞ አጥር የሚባል ነገር የለም። ባህሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ካንጋ የሚባለውን ጨርቃቸውን አሸርጠው፣ ራሳቸውን ተከናንበው የተከሉትን የባህር አረም ሊሰበስቡ ይወርዳሉ። ለእነሱ ያ አሸዋ የሥራ ቦታ ነው። ፀሐይ የሚሞቀው ቱሪስት እርሻቸው መሃል ነው የተኛው።

ወደ ማፉሺ ልመለስ። የአገሬው ሴቶች ወደሚዋኙበት ዳርቻ የሄድነው እኔ ስለፈለግኩ ነው። ፀሐይ ጠለቅ ሲል ይመጣሉ፤ ልጆች፣ እናቶች፣ አያቶች። ከነቀሚሳቸው፣ ከነሻሻቸው ነው የሚገቡት። ዋና ከማለት ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጫወት ይቀለዋል። እኔ ጥቁር ታይትና እጀ ሙሉ የዋና ሹራብ ለብሻለሁ፤ ያ ላስቲክ ጨርቅ ያለው፣ ቶሎ የሚደርቀው። ጓደኛዬ ትልቅ የጥጥ ካናቴራ ነው ያደረገችው፣ ነጭ።

ነጭ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከብዶ ይወርዳል፣ ይጣበቃል፣ ደግሞም ያሳያል። ከቢኪኒው የባሰ ሆነ። አንዲት እናት አየቻትና ሳቅ አለች፤ የራሷን ሻርፕ አወለቀችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ከእነሱ ጋር ነው ያሳለፍነው። ልጆቹ እንግሊዝኛ ከእኛ ይበልጣሉ። አንዷ ትንሽዬ ጠልቃ ዛጎል እያወጣች ታመጣልኝ ነበር፤ አንዴ ሸርጣን ያለበትን ስትሰጠኝና ስጮህ ቤተሰቡ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ቢኪኒ ቢቹ ላይ ከአንድም የአገሬው ሰው ጋር አውርቼ አላውቅም። እዚያ የሚያነጋግርህ ዣንጥላ የሚያከራይ ብቻ ነው።

ጀልባ ላይም ደንብ አለ፤ ግን ላላ ያለ። ኤሊ ለማየት ስንወጣ አስጎብኚያችን ወደቡን እስክንለቅ ልብሳችሁን አታውልቁ አለን። ከዚያ ወዲያ ደስ ያላችሁን አለ። ባህሩ መሃል የሚገኘው ባዶ አሸዋ ላይ ስንወርድ ሁሉም በዋና ልብሱ ነበር። ስንመለስ ወደቡ ሲታይ ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው ሳይነገረው ልብሱን ፍለጋ ጀመረ። ጡት ገልጦ መተኛት ግን በአገሪቱ የትም አይፈቀድም፤ ሪዞርትም ቢሆን።

ለሚሄድ ሰው ስለ ልብስ የምለው አጭር ነው። ቦርሳህ ውስጥ ስስ ሽርጥ ይኑር፤ ቶሎ ይታሰራል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ጉልበት የሚሸፍን ቁምጣ ያዝ። ባህር ለመግባት ጥጥ ተው፣ ነጭ ደግሞ ጭራሽ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ሱቁም ምግብ ቤቱም ይዘጋል፤ ያን ጊዜ መስጊዱ ፊት ለፊት በፎጣ ተጠቅልሎ ከመንጎራደድ ክፍል ውስጥ መተኛት ይሻላል። ግራ ከገባህ ጌስት ሃውሱን ጠይቅ። መጠየቅህ አያስቀይማቸውም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

በመጨረሻው ቀን በረራችን ማታ ስለነበር ማሌ ላይ ሰዓታት ተረፉን። ማሌ ቢኪኒ ቢች የላትም። ከተማው ውስጥ በሰው እጅ የተሠራ ዳርቻ አለ፤ ቢሮ የዋለውም ተማሪውም ከነልብሱ ይንቦጫረቅበታል። እኔ ታይትና ሹራቤን ከላይ አስቀምጬው ስለነበር አውጥቼ ገባሁ። ጓደኛዬም አላስችላት ብሎ ከሱቅ የገዛችውን ጥቁር ሱሪና እጀ ሙሉ አድርጋ ተከተለችኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ እርጥቡን በፌስታል ቋጥራ ይዛዋለች። ሻንጣዋ አስቀድሞ ገብቷል፤ ፌስታሉ ደግሞ ያፈሳል። እስክንሳፈር ድረስ ጥፋቱን በእኔ ላይ ስታላክክ ነበር።